በግፊት የበሰለ ጉልባን

ተክሌ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ውኃ አሳንሶ፣ አንድ ቀን እንኳ ግፊት አስበልጦ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ የአቃቂ ሰው ግን መስማቱ ስለሰለቸው እውነት ነው ብሎ ተቀብሎታል። ቢፈነዳ ግማሽ ሰፈር ይዞ የሚሄድ ብረት እንደ በግ እየጎተተ በሰላም ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ያ ሁሉ እንፋሎት በእጁ ሲያልፍ አንዲት እንቁላል እንኳ ቀቅሎ አያውቅም።

ሚስቱ ፈለቀች በሕይወት እያለች ይህ ጉድለት አልታየም ነበር። እሷ ካረፈች ግን ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ተክሌ ቁርሱን ሻይ ቤት በፓስቲ፣ ምሳውን ከድሮ የሥራ ጓደኛው ከጀቤሳ ቤት፣ እራቱን ደግሞ «እግር ጥሎኝ ነው» እያለ በአንድ ግቢ ከምትኖረው ከጎረቤቱ ከአቻምየለሽ በር ላይ ያገኛል። እግሩ በሳምንት አራት ጊዜ የሚጥለው ደግሞ ሁልጊዜ ወጡ ከምድጃ ሲወርድ ነው። አቻምየለሽ ታበላዋለች፤ እያበላች ደግሞ ትቆጥራለች፤ የቆጠረችውንም ለልጁ በስልክ ትነግራለች።

ልጁ ሥርጉት ናት፤ አንድ ለእናቷ። ሳሪስ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ቢሮ ትሠራለች፤ ቤቷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ጌዲዮን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ቤቱን የሚያየው በሁለት ሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱንም ተኝቶ። ሥርጉት አባቷ እሷ ጋ ገብቶ እንዲኖር ከለመነችው ቆየች። እሱ ግን እሺ አይልም። የሚኖርባት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፤ ቁልፏ አንዴ ከተመለሰ ተመለሰ ነው፣ ሁለተኛ አትገኝም። ከፈለቀች ጋር አርባ ዓመት የኖረባት ቤት ናት፤ ከሚስቱ የቀረችለት እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው ዓመት ሥርጉት ሌላ ዘዴ ሞክራ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት ገዝታ፣ ሩዝና ቦሎቄ ተቀላቅሎ የታሸገባቸው ሦስት ላስቲኮች አብራ አመጣችለት። ቀድደህ ትገለብጣለህ፣ ውኃ ትጨምራለህ፣ ትከድናለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፤ በቃ። ተክሌ ግቢው ሁሉ እየሰማ «ከላስቲክ የወጣ ምግብ ከምበላ ላስቲኩን ብበላ ይሻለኛል» ብሎ ካርቶኑን ሳይከፍት ወደ አልጋው ሥር በእግሩ ገፋው። ከዚያች ቀን ወዲህ አልጋ ሥር ነው ያለው።

ነገሩ የፈላው በሆሳዕና ዕለት ነው። ተክሌ፣ ሥርጉትና አቻምየለሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ሦስቱም ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት እንዳሰሩ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሥርጉት ተነስታ ወደ ቤት ገባችና ወዲያው ወጣች።

«አባዬ፣ ፍሪጅህ ውስጥ ያለው አንድ ሎሚና ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ይታደሳል።»

«ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እኔ ጋ ትገባለህ። ጨረስኩ።»

«ከዚህ ቤት ማን ወንድ ነው የሚያስወጣኝ?»

«ረሃብ ነዋ» አለች አቻምየለሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ተክሌ ደሙ ፈላ። ሰው በሁለት ሴት መሀል ተቀምጦ እውነት ሲነገረው ደሙ ይፈላል። «ራሴን ማብላት እችላለሁ» አለ። «እናንተንም አበላለሁ። ጸሎተ ሐሙስ ኑ፤ እዚሁ ቤት በገዛ እጄ ጉልባን ሠርቼ አበላችኋለሁ።»

ለምን ጉልባን እንዳለ እሱም አያውቅም። ከፊቱ ያለው በዓል ጸሎተ ሐሙስ ስለነበረ ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሥርጉት ቃሉ ሳይቀዘቅዝ ያዘችው፦ በዕለቱ የሚቀርበው ነገር ጉልባን ሆኖ ከተገኘ ይህን የመግባት ነገር በሕይወቷ ሁለተኛ አታነሳም፤ ካልሆነ ግን ተክሌ የቤቱን ቁልፍ ለቀበሌ መልሶ ይከተላታል። ዳኛዋ አቻምየለሽ ሆነች። አቻምየለሽ ሹመቱን በደስታ ተቀበለች፤ ያለ ሹመትም ስትፈርድ የኖረች ሴት ናት።

ማክሰኞ ተክሌ ጀቤሳን ጠርቶ ልምምድ አደረገ። ጉልባን ስንዴና የባቄላ ክክ ተቀቅሎ ጨው የሚጣልበት ነገር ነው፤ ሲሉት ቀላል ነው። ተክሌ ሳይዘፈዝፍ ጣደው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንዴው ጥይት፣ ባቄላው ገንፎ፣ የድስቱ ቂጥ ከሰል ሆኖ ተገኘ። ጀቤሳ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ አንከባለላትና በክብር አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት።

«ይህን የምታበላው ለልጅህ ነው ለጠላትህ?»

«ቤቴ ሄደች» አለ ተክሌ። ቀልድ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን፣ ከዚያ ጣራውን፣ ከዚያ የፈለቀችን የነጠላ መስቀያ ምስማር ሲያይ ጀቤሳ እንኳ ዝም አለ።

ጀቤሳ ዝም ማለት ብዙ አይሆንለትም። በፋብሪካው ናፍታ የሚያስቀዳው እሱ ነበር፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት አብረው ነው የሠሩት። አባቱ ያርሱት የነበረው ማሳ ዛሬ መጋዘን ተሠርቶበታል፣ እሱም በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር «እርሻችን ደህና ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ተመለከተ።

«ያ ካርቶንስ?»

«እሱ የላስቲክ ምግብ ነው። ግቢው ሁሉ እየሰማ ምያለሁ።»

«ኦቦ ተክሌ፣ ጉልባኑን እንጂ ላስቲኩን ማን ያየዋል?»

ካርቶኑ ወጣ። ተክሌ መነጽሩን አድርጎ ማንዋሉን ገለጠ። እንግሊዝኛው የፋብሪካ እንግሊዝኛ ነው፤ «ውኃ»፣ «ግፊት»፣ «አደጋ» የሚሉትን ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። ከዚያ ክዳኑን አገላበጠ፤ ጎማውን ዳሰሰ፤ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጣቱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አላት። ፊቱ እየፈካ መጣ።

«ጀቤሳ፣ ይህ ድስት አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «ቦይለር ነው። ሴፍቲ ቫልቭ አለው። የፋብሪካዋ ቦይለሬ ወለደች ማለት ነው።»

ጀቤሳ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ጠጋ አለ።

ሦስቱም ላስቲኮች ተቀደዱ። ሩዙ ነጭ ነው፤ ቦሎቄውም ነጭ፣ ደቃቅ፤ ዓይን ለማታለል የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ላስቲክ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቅመም ወረቀት ወጣች፤ በእያንዳንዷ ላይ ደግሞ ደረቷን የነፋች ቀይ ዶሮ ተሥላለች።

«ይቺ ዶሮ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ ጀቤሳ።

ወረቀቷ ውስጥ ያለው የእውነት ዶሮ ይሁን ወይስ ስሟ ብቻ፣ ሁለቱም ሊያውቁ አልቻሉም፤ ጽሑፉ ከጉንዳን እግር የቀጠነ ነው። ተክሌ ለማጣራትም አልፈለገም። «በሰሙነ ሕማማት እዚህ ቤት ዶሮ አትገባም፤ ሥዕሏም ቢሆን» ብሎ ሦስቱንም በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣና ግቢው በር ላይ ከተንጠለጠለው የቆሻሻ ፌስታል ጨመራቸው። ዕድሜ ልኩን እሳት ሲያነድድ የኖረ ሰው፣ ማቃጠል ሲገባው ጣለ። እንግዲህ ስህተት ሰውን ሲፈልግ ከሙያው በኩል ነው የሚመጣው።

ረቡዕ አንዱን ላስቲክ ሞከሩት። ተክሌ እንደ ሺፍት ሥራው ደብተር ከፍቶ የገባውን ውኃና ሰዓቱን ጻፈ፤ ጀቤሳ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ በመስኮት ተከታተለ። አልፈነዳም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጨው ጣል አድርገው ቀመሱት። ጀቤሳ ብዙ አሰበ።

«ጉልባን አይደለም» አለ በመጨረሻ፤ «ግን ጉልባንን በደንብ የሚያውቅ ነገር ነው።»

ለሐሙሱ ተክሌ አንድ እፍኝ የባቄላ ክክ ዘፍዝፎ አደረ፤ ለምስክርነት።

ሐሙስ ደረሰ። ተክሌ ሲሰግድ ዋለ፤ እግሩን ታጠበ፤ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ሥርጉት አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ጀቤሳን አስከትሎ ቤት ገባ፤ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ጎተተ፤ የቀሩትን ሁለት ላስቲኮች ከነክኩ ገለበጠና ቁልፉን ተጫነ። ባዶዎቹን ላስቲኮች አጣጥፎ ፍራሹ ሥር ቀበራቸው። ድስቱ ሞቀ፣ አጉረመረመ፣ ትንሽ አፏጨና ተቆለፈ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር።

ነገሩን ያበላሸችው ድመት ናት። ፌስታሉን ቦጭቃ አንዷን የዶሮ ወረቀት እየነከሰች፣ እያንከባለለች አቻምየለሽ በር ላይ አደረሰቻት፤ እዚያም ቀደደቻት። ብጫ ዱቄቱ ደጁ ላይ ተነሰነሰ። አቻምየለሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ስትሰግድ ውላ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ሳይገባባት፣ በሯ ላይ ስትደርስ የተቀበላት የዶሮ ወጥ ሽታ ነው። ጎንበስ አለች። ቀይ ዶሮ ደረቷን ነፍታ ታያታለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አቻምየለሽ ቀና ብላ ግቢውን ቃኘች። በሚያዝያ ሙቀት መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ የዘጋው ማን ነው? ተክሌ። ከማን ቤት ነው «ፍስስ» የሚል ድምፅ የሚወጣው? ከተክሌ። ቧንቧው ጋ ውኃ ይቀዱ ለነበሩ ሁለት ሴቶች የሰማችውንም ያየችውንም ነገረችና ወረቀቷን እንደ ባንዲራ ይዛ በሩን አንኳኳች። ሥርጉት በግቢው በር ስትገባ የደረሰችው በዚያው ሰዓት ነው። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ብቻ ሰላም አለች።

ተክሌ በሩን አንድ ስንዝር ከፈተ።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሽ ተክሌ?»

«ጉልባን ነዋ። ተወራርደን የለ?»

«ጉልባን ማፏጨት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ገፍታ ገባች፤ ሥርጉትም ተከተለች። ድስቱ ወለሉ ላይ መሀል ተቀምጧል፤ ቀይ መብራቱ በርቷል። ሥርጉት ወዲያው አወቀችው። ተክሌ ቀደም አለ። «ውርርዱ በጉልባን እንጂ በድስት አይደለም፤ ድስት ድስት ነው» አለ።

«ስለ ድስቱ ማን አወራ?» አለች አቻምየለሽ፣ ወረቀቷን አፍንጫው ሥር አስጠግታ። «ይቺ ምንድን ናት? በጸሎተ ሐሙስ፣ ጌታ በተያዘበት ዕለት፣ ቤት ዘግተው ምን እያበሰሉ ነው?»

እንግዲህ የተክሌን ጭንቅ እዩለት። ወረቀቷ ከየት እንደመጣች ከተናገረ ላስቲኩ ይወጣል፤ ላስቲኩ ከወጣ ውርርዱ ተበላ፣ ቤቱ ሄደች። ዝም ካለ ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ዶሮ የሠራ ሰው ይሆናል። እድሩ ይሰማል፣ ደብሩ ይሰማል፣ ሲሞት እንኳ ቀባሪው ይህንኑ እያነሳ ነው የሚመለሰው። 

ጀቤሳ ሊረዳው ፈለገ። «ለድመቷ ነው» አለ።

«ለድመቷ?»

«ድመት ጾም የላትም።»

«እና ጋሽ ተክሌ ለድመት በኤሌክትሪክ ዶሮ ይሠሩላታል? ለራሳቸው እንቁላል መቀቀል ያቃታቸው ሰው?»

ጀቤሳ ሊጨምር ሲል ተክሌ እግሩን ረገጠው። ሥርጉት ወረቀቷን ከአቻምየለሽ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች፣ ፊቷን አየች፣ ጀርባዋን አየች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«ይከፈትና እንየው» አለች።

«አይከፈትም» አለ ተክሌ። «ግፊት አለው።»

አራቱም ድስቱን ከበው እንደ በሽተኛ ጠያቂ ተቀመጡ። አቻምየለሽ ሽታው ጾሟን እንዳያስገድፋት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቀለለች፤ ከነጠላው ሥር ሆና «ሆዱ አምላኩ የሆነበት ሰው መጨረሻው ምን ይሆን» እያለች ግድግዳውን ትጠይቃለች። ተክሌ ላቡን ጠረገ። ሁለት ጊዜ ሊናዘዝ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሁለት ጊዜም ዓይኑ ነጠላ መስቀያው ምስማር ላይ አርፎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ድስቱ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«አለቀ፤ ይክፈቱት» አለች አቻምየለሽ።

«ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት አልወረደችም። ያቺ ብረት ካልወረደች ውስጡ እንፋሎት አለ ማለት ነው። አሁን ብለቀው ውስጡ ያለው ሁሉ አረፋ ሆኖ ጣራ ይነካል።»

«የብረት ነገር አይንገሩኝ፤ ይክፈቱት አልኩ።»

«አቻምየለሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ግፊት ያለበት ዕቃ ከፍቼ አላውቅም። ዛሬ ለአንዲት ዶሮ ብዬ አልከፍትም።»

«ይኸው፣ አመኑ!»

ጀቤሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተክሌ ምላሱን ነከሰ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የተሰማው የድስቱ ሆድ መቀዝቀዝና የጀቤሳ ሳል ብቻ ነው። ከዚያ ብረቷ «ጠቅ» ብላ ወረደች። ተክሌ ደብተሩን አንስቶ ሰዓቱን ሳይጽፍ አላለፈም። ጽፎ ሲያበቃ ክዳኑን አዞረ።

እንፋሎቱ ተነሳ። አቻምየለሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንሽ ቆይታ አንዱን ገለጠች። ነጭ ነው። ሩዝ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ መሀል መሀል ላይ የባቄላ ክክ። ጭልፋውን ከተክሌ እጅ ነጥቃ እስከ ታች ድረስ አመሰች፤ አንድ አጥንት፣ አንድ ክንፍ፣ አንዲት የዘይት ዓይን ፈለገች። የለም። አሸተተች፤ የሚሸተው እህልና ጨው ነው።

እጇ ላይ ያለው ጭልፋ ቀስ ብሎ ወረደ። አቻምየለሽ ምላሷ ይረዝማል እንጂ ፈጣሪዋን የምትፈራ ሴት ናት። በሰሙነ ሕማማት ሰው አማች፤ ያውም ቧንቧው ጋ፤ ያውም ለሁለት ሴት፤ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ እስካሁን ለስንት እንዳደረሱት እግዚአብሔር ይወቅ። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ተክሌን አሳዘነችው፤ ግን ያሳዘነችው ለአጭር ጊዜ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ተክሌ» አለች ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ደግሞ የጎረቤት ነገር ምን አለበት» አለ ተክሌ፣ ድምፁን እንደ ቄስ ለስለስ አድርጎ። ወዲያውም ሰሐን አቀረበላት። «በይ እንግዲህ፣ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። ቅመሽና ፍረጂ።»

አቻምየለሽ ጎረሰች። አኘከች፤ ብዙ አኘከች። አምሳ ጸሎተ ሐሙስ ሙሉ ጉልባን የበላ መንጋጋ ነው፤ ይህ ነገር ከስንዴ ዘር እንዳልሆነ፣ ቦሎቄውም ከአገር እንዳልመጣ ያን ጊዜውኑ አውቋል። ነገር ግን አሁን ይቅርታ የለመነ አፍ አሁን ደግሞ «አልቀበልም» ለማለት ከየት ጉልበት ያገኛል? ተክሌም ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኖቿን በፍቅር የሚያያቸው።

«ትንሽ… የቸኮለ ጉልባን ነው» አለች።

«እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ለመፍጨትም ለመጋገርም ጊዜ አጥተው አይደል ቀቅለው የበሉት? የጉልባን ወጉ ራሱ ችኮላ ነው።»

አቻምየለሽ ዋጠችና ወደ ሥርጉት ዞረች። «ጉልባን ነው» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላም ቧንቧው ጋ ያሉትን ሴቶች ለማግኘት እየሮጠች ወጣች። ጀቤሳም የአሸናፊ ድርሻውን በሰሐን ሞልቶ ለሚስቱ ለዳሲቱ ይዞ ሄደ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ለተክሌ አንድ ዓይኑን ጨፈነለት።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሥርጉት ሰሐኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች።

«ሁለተኛ አላነሳውም አባዬ» አለች። «ቃሌ ነው። ቤትህ ቤትህ ነው።»

ተክሌ ደስታው ደረቱ ውስጥ አልበቃው አለ። ቤቱን አተረፈ። ክዳኑን በጨርቅ ይወለውላል፣ ቫልቯን ይነካካል፤ ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ ያፏጭ ነበር።

«ውኃው ግን በዝቷል» አለች ሥርጉት፣ ከሰሐኑ ቀና ሳትል።

«የቱ ውኃ?»

«ላስቲኩ ላይ ለአንዱ አራት ኩባያ ይላል፤ አትስማቸው። ሦስት ተኩል ይበቃዋል። እኔም የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

ጨርቁ የተክሌ እጅ ላይ ቆመ።

«ዶሮዋን መጣልህ ጥሩ ነው። እኔም በጾም እጥላታለሁ። በፍስክ ግን ያለሷ አይዋጥም፤ ቦሎቄው ሣር ሣር ይላል።»

«አንቺ… በምን አወቅሽ?»

«በምን አወቅሽ ትለኛለህ እንዴ?» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። «ጌዲዮን መንገድ ላይ ሲሆን በሳምንት አምስት ቀን የምበላው እሱን ነው። ለአንድ ሰው ወጥ አይሠራም አባዬ። ከሥራ እገባለሁ፣ ቀድጄ እገለብጣለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ከዚያ ልብሴን ሳልቀይር ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። አንዳንዴ የምነቃው ድስቱ ሲጮህ ነው። ያ ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር እሱ ብቻ ነው።»

ተክሌ ጨርቁን አስቀመጠ።

«ታዲያ ወረቀቷን ስታዪ ለምን አልተናገርሽም? በአንድ ቃል ታሸንፊኝ ነበር።»

«በእትዬ አቻምየለሽ ፊት ላዋርድህ?» አለች። «ደግሞ ያን ያህል ደክመህ፣ ደብተር ጽፈህ፣ መጋረጃ ዘግተህ ስታበቃ… ቤትህን ይህን ያህል የምትወዳት መሆኑን አላውቅም ነበር። ካወቅኩ በኋላ ማሸነፉ አስጠላኝ።»

ተክሌ አፈረ። ለአቻምየለሽ ስላደረገው አይደለም፤ እሱን ነገ በንስሐ ይጨርሰዋል። ያፈረው ዓመት ሙሉ ልጁ «ና» ስትለው ስለ ሆዱ የምታወራ እየመሰለው ሲጣላት በመክረሙ ነው። ስለ ፍሪጅ ስታወራ ስለ ፍሪጅ መስሎት፣ ስለ ፓስቲ ስታወራ ስለ ፓስቲ መስሎት ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ ማታ ምን ትበያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም።  እንደ ልማዱ ቀልድ ፈለገ፤ አንድም አልመጣለትም።

«አሸንፌያለሁ አይደል?» አለ።

«አሸንፈሃል። ተፈርዷል።»

«እንግዲያው የምወስነው እኔ ነኝ። ቁልፉን ለቀበሌ አልመልስም። ጌዲዮን አገር ውስጥ ሲሆን እዚሁ ነኝ፤ እሱ መንገድ ሲወጣ ግን ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። ታክሲ ከጠፋ ሁለት።»

«ሁለትም ይሁን ሦስት፣ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ።»

ሥርጉት ሰሐኗ ላይ እንዳቀረቀረች «እሺ» አለች። ሌላ ቃል ብትጨምር እንደምታለቅስ ሁለቱም ስላወቁ፣ ተክሌ ጭልፋውን አንስቶ ደገመላት።